ሰላማዊት ያልሆነችው ሳሌሃ

ሳሌሃ ሰይዶ ትምህርት ቤት የገባችው አባቷ ፍርድ ቤት ስለ ተረታ ነው።

አባቷ ሰይዶ ቡታጅራ ከተማ በርበሬ የሚነግድ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ መስቃን ውስጥ የእንሰት ማሳና ጥቂት ባሕር ዛፍ የነበረው ሰው ነው። በ1947 ዓ.ም. ከጎረቤቱ ጋር በድንበር ተካሰሰና መጥሪያ ደረሰው። ሰይዶ ቁርአን ይቀራል፤ አማርኛ ግን ይናገራል እንጂ አያነብም። ወረቀቱን ይዞ ገበያው ዳር ተቀምጦ ማመልከቻ ለሚጽፍ ሰው አሳየ። ሰውየው ቸኩሎ ነበር። አንዴ ገረፍ አድርጎ አየና “መጋቢት ፲፱ ቅረብ ይልሃል” አለው። ሰይዶ በተባለው ቀን ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ ሁለት ምስክሮች አስከትሎ ሄደ። ቀጠሮው ለካ መጋቢት ፱ ኖሯል። ፍርዱ እሱ በሌለበት ተሰጥቶ፣ ባሕር ዛፉ ለጎረቤቱ ተወስኗል።

 ሰይዶ ቤቱ እንደ ገባ ሚስቱን አሚኔን ጠርቶ “ከዚህ ቤት አማርኛ የሚያነብ ሰው መውጣት አለበት” አላት።

የበኩር ልጃቸው ሳኒ በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ መርካቶ፣ አጎቱ ዘንድ ገብቶ ንግድ ጀምሯል። ሁለቱ ትልልቅ ሴቶች ተድረዋል። ቤት የቀረችው የሰባት ዓመቷ ሳሌሃ ብቻ ነበረች።

“ሴት ልጅ ከወንዶች ጋር አግዳሚ ላይ ልትቀመጥ?” አለች አሚኔ።

“ያን መጥሪያ ያነበበልኝ ወንድ ነው። ምን ተጠቀምኩ?” አለ ሰይዶ።

በዚህ ሁኔታ ሳሌሃ በ1948 መስከረም ቡታጅራ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ገባች። ክፍሉ ውስጥ ከእሷ ሌላ ሦስት ሴቶች ነበሩ፤ የፖሊስ፣ የመምህርና የጠጅ ቤት ባለቤት ልጆች። የእስላም ልጅ እሷ ብቻ ናት። በቤቷ የሚነገረው ጉራጊኛ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ወራት መምህሩ የሚለው ግማሹ አይገባትም ነበር። የሚናገረውን በጆሮዋ ይዛ ቤት ትገባና አባቷን “ይሄ ምን ማለት ነው?” ትለዋለች። አባቷ የሚያውቀውን ይነግራታል፤ የማያውቀውን ደግሞ በማግስቱ ገበያ ጠይቆ ይመጣል።

ጠዋት ጠዋት ተማሪው ተሰልፎ ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ “አባታችን ሆይ” ይደገማል። ሳሌሃ አፏን ሳትከፍት ትቆማለች። የአንደኛ ክፍል መምህሩ አስረስ፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ቀጭን ሰው፣ ይህን አይቶ አንድ ቀን ለብቻዋ ጠራት።

“ሌሎቹ ሲጸልዩ አንቺ ምን ታደርጊያለሽ?”

“ፋቲሃ እቀራለሁ።”

“አፍሽ ሲንቀሳቀስ አላየሁም።”

“በልቤ ነው።”

 “እንግዲያው በልብሽ ቀጥይ። ሰልፉን ብቻ አታበላሺ” አላት መምህር አስረስ። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር አላነሱም።

ስምንት ዓመት እንዲህ አለፈ። ሳሌሃ በየክፍሉ ከሦስተኛ ደረጃ ዝቅ ብላ አታውቅም። ብዙ የማትናገር፣ ከተናገረችም ነገሩን ቁርጥ አድርጋ የምትናገር ልጅ ሆነች። በ1955 የስምንተኛ ክፍል የሚኒስትሪ ፈተና ወስዳ ጥሩ ነጥብ አመጣች። አባቷ ተደሰተ፤ ግን ለእሱ ነገሩ እዚያ ላይ አልቋል።

“መጥሪያ ታነባለች፤ ማመልከቻ ትጽፋለች። አልሀምዱሊላህ፣ ያሰብኩት ደርሷል” አለ።

አሁን የተቃወመችው እናቷ ሆነች። አሚኔ በእነዚያ ዓመታት ልቧ የተለወጠበት ምክንያት ቀላል ነው። ሳኒ ከአዲስ አበባ ደብዳቤ ሲልክ ድሮ የሚነበበው ገበያ ላይ ነበር፤ የልጇን መታመም፣ ከሚስቱ መጣላቱን፣ ሁሉንም ነገር ከእሷ ቀድሞ የሚሰማው መንደሩ ነው። ሳሌሃ ማንበብ ከቻለች ወዲህ ደብዳቤው ጓዳ ውስጥ ተነቦ ጓዳ ውስጥ ይቀራል።

“ጉድጓድ ውስጥ በደንብ ያልቆየ ቆጮ አውጥተህ ትበላለህ እንዴ? ጀምረኸዋል፣ ጨርሰው እንጂ!” አለችው ባሏን።

 ሳሌሃ በመስከረም በጭነት መኪና፣ ከበርበሬ ጆንያ መካከል ተቀምጣ አዲስ አበባ ገባች።

ያረፈችው መርካቶ ጨርቅ የሚነግደው የአባቷ ታናሽ ወንድም፣ ሳኒንም የተቀበለው አጎቷ ሀቢቡ ቤት ነው። ሀቢቡ ደግ፣ ተጫዋች ሰው ነበር። የመርካቶ ደንበኞቹ ሁሉ የሚያውቁት ግን “ሀብታሙ” ብለው ነው፤ ሲያቆላምጡት “ሀብቴ” ይሉታል። ገና አዲስ አበባ ሲገባ አሠሪው ያወጣለት ስም ነው። ሳሌሃ መጀመሪያ ስትሰማ ሌላ ሰው የሚጠሩ መስሏት ነበር።

አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ተማረች። ከሱቁ ኋላ ባለችው የዕቃ ቤት ውስጥ የጨርቅ ጥቅል ተደግፋ ታጠናለች፤ አርብ አርብ ለአጎቷ ሚስት ቤቱን ታግዛለች። በ1959 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ለመመዝገብ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ዘንድ ቀረበች። ጸሐፊው አቶ ሸዋንግዛው ይባላሉ፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚጽፉ፣ ተማሪ የሚወዱ ሽማግሌ ናቸው።

“ሳሌሃ… ሰይዶ” አሉ ስሟን እያዩ። “ልጄ፣ ይሄ ስም ነገ ሥራ ስትፈልጊ ያስቸግርሻል።”

“ስሜ ነው እኮ አቶ ሸዋንግዛው።”

“እሱማ ነው። እንዲያው ለራስሽ ብዬ ነው” አሉና ፎርሙን ተቀበሏት። ሳሌሃ ምክር ብቻ መስሏት ወጣች።

ፈተናውን ወሰደች። ክረምት ላይ ውጤቱ በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ተለጠፈ። ሳሌሃ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አነበበች። ስሟ የለም። ሌሎቹ ተማሪዎች እስኪበተኑ ጠብቃ እንደገና በጣቷ እየተከተለች አነበበች። አሁንም የለም። ወደ መርካቶ በእግሯ ሄደች፤ አውቶቡስ መያዙንም አላሰበችው። ሁለት ቀን ምግብ አልበላም አለች። አጎቷ “የሱቅ ሥራ ሞልቷል፣ ምን አስጨነቀሽ?” እያለ ሊያጽናናት ሞከረ።

በሦስተኛው ቀን አብራት የተፈተነች አንዲት ልጅ ሱቁ ድረስ መጣች።

“ሳሌሃ፣ የመፈተኛ ቁጥርሽ ስንት ነበር?”

ነገረቻት።

“እንግዲያው አልፈሻል። በጣም ጥሩ አምጥተሻል። ግን በዚያ ቁጥር የተጻፈው ‘ሰላማዊት ሰይፉ’ የሚል ነው።”

ሳሌሃ በመጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ነገሩ እየገባት ሲሄድ ሳቋ ቆመ። ነጥቧ ዩኒቨርሲቲ ያስገባታል፤ ነጥቡ ያለው ግን በማታውቃት ሴት ስም ነው።

ሀቢቡ ዜናውን ሲሰማ እጁን አጨበጨበ። “ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ? ገብተሻል! ሰላማዊት ሆነሽ ተማሪ። እኔን ገበያው ሁሉ ሀብቴ ይለኛል፤ ማታ ቤቴ ስገባ ሀቢቡ ነኝ። ምን ጎደለብኝ?”

“አጎቴ፣ እርስዎ ሱቅዎን ዘግተው ሀቢቡ ይሆናሉ” አለች ሳሌሃ። “እኔ ዲግሪዬን የት ዘግቼ ነው ሳሌሃ የምሆነው?”

 አጎቷን እንዳሳዘነችው ገባት፤ ግን የተናገረችውን አልመለሰችም።

በማግስቱ አቶ ሸዋንግዛው ዘንድ ሄደች። ሰውየው አልካዱም።

“እንዲህ ባለ ስም ምክንያት ከደጅ የተመለሱ ልጆች አይቻለሁ። ለአንቺ ብዬ ነው ልጄ።”

“ለእኔ ብለው እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አልጠየቁኝም።”

አቶ ሸዋንግዛው መነጽራቸውን አውርደው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከዚያም ወረቀት አወጡና ስሙን የለወጡት እሳቸው እንደሆኑ፣ ተማሪዋ እንዳላወቀች ጽፈው ፈረሙበት። “ይሄ ብቻውን አይበቃም” አሏት። “ከተወለድሽበት አገር ፍርድ ቤት ቀርበሽ፣ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን በምስክር አስመስክረሽ መምጣት አለብሽ። ጊዜውን ግን አስቢው። የዩኒቨርሲቲው ምዝገባ መስከረም ላይ ያልቃል።”

ሳሌሃ ቡታጅራ ስትደርስ ፍርድ ቤቱ ለክረምት ተዘግቷል። እስኪከፈት መጠበቅ ግድ ሆነ። የመጣችበትን ነገር ለወላጆቿ ስትነግራቸው አባቷ ከሁሉ በፊት የጠየቀው “ሰይፉ ማነው?” ብሎ ነው።

“ማንም አይደለም፣ አባ። ያንተን ስም ለውጠው ነው።”

“እኔ ሳልሞት?”

እናቷ ደግሞ “አንቺ ስም የወጣልሽ በሰባተኛው ቀን በግ ታርዶ፣ ዱዓ ተደርጎ ነው። ለሰላማዊት ማን በግ አረደላት?” አለች።

ነገር ግን ሁሉም እንደ እነሱ አላሰበም። መስከረም አልፎ ምዝገባው ሲዘጋ፣ የቡታጅራ ሰው ተገረመ። ለአንድ ስም ብላ ዩኒቨርሲቲን የተወች ልጅ ተባለች። ሳሌሃም በውስጧ ልቧ አልጸናም ነበር። አንዳንድ ቀን ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው አውቶቡስ ሲነሳ ከሩቅ ታያለች፤ አብረዋት ከተፈተኑት ዛሬ ማን የትኛው ክፍል እንደ ተቀመጠ ታስባለች። ኩራት ይሆን እንዴ የያዘኝ ስትል ራሷን ጠይቃለች። ይህን ከብዙ ዓመት በኋላ ከሚጠይቋት ሰዎች አልደበቀችም።

ጉዳዩ የታየው ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። መምህር አስረስ ወንጌል መትቶ ምሎ “ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ፤ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ሳሌሃ ሰይዶ ስትባል አውቃለሁ” ብሎ መሰከረ። ቁርአን ያስቀሯት ሼህ ሽኩርም በቁርአን ምለው ያንኑ ተናገሩ። ዳኛው ወረቀቶቹን አገላብጠው ካዩ በኋላ ወደ አባቷ ዞሩ።

“አንተ፣ ልጅህ ሰላማዊት መባሏ ምን ጎዳህ? ጥሩ ስም ነው።”

ሰይዶ እጅ ነሣ። “ጌታዬ፣ ስሙን አልጠላሁትም። ግን ሰይፉ የሚባለውን ሰው አላውቀውም። ነገ መጥቶ ‘ልጄ ናት፣ ወረቀቱ ይመስክር’ ቢለኝ በምን እረታዋለሁ? በወረቀት አንዴ ተረትቻለሁ።”

ችሎቱ ሳቀ፤ ዳኛውም ሳቁ። ሳሌሃ ሰይዶና ሰላማዊት ሰይፉ የአንድ ሰው ስሞች መሆናቸው፣ ትክክለኛው ስሟም ሳሌሃ ሰይዶ መሆኑ ተወሰነ። ወረቀቱ አዲስ አበባ ሄዶ፣ ታይቶ፣ የፈተናው ሰርተፊኬት ተስተካክሎ እስኪመለስ ግን ግንቦት ደረሰ።

ያን ዓመት ሳሌሃ ሥራ አልፈታችም። መምህር አስረስ ለርእሰ መምህሩ ነግሮ በወሊድ በቀረች መምህርት ቦታ አንደኛ ክፍል እንድታስተምር አደረገ። ከሰፈሯ ሰባት እናቶች ሴት ልጆቻቸውን ይዘው መጡ፤ “ሳሌሃ እዚያ ካለች ምንም አይሆኑም” ብለው ነው። በዚያው ዓመት ከዝዋይ የመጣ አንድ ነጋዴ ለጋብቻ ሽማግሌ ላከ። ጨዋ ሰው ነበር፤ አባቷም አልጠላውም። ሳሌሃ “ተምሬ ስመለስ ከጠበቀኝ” ብላ ላከችበት። አልጠበቀም፤ በጥር ሌላ አገባ። ምንም አልተሰማትም ብትል ውሸት ይሆናል።

በ1961 መስከረም፣ በገዛ ስሟ፣ ስድስት ኪሎ ገብታ ተመዘገበች። ትምህርቷ አማርኛ ነበር። ይህን ሲሰሙ ብዙዎች ገርሟቸዋል፤ የጉራጌ እስላም፣ ያውም ሴት፣ አማርኛ ልታስተምር። “እኔ ከሁላችሁም የበለጠ ዋጋውን አውቀዋለሁ” ትላቸው ነበር።

በሴቶች መኝታ ቤት ውስጥ ከእሷ ሌላ የምታውቃቸው እስላም ሴቶች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንዷ ከሐረር፣ አንዷ ከጅማ። የሳሌሃ የክፍል ተጋሪ ኢትዮጵያ የምትባል የፍቼ ልጅ ነበረች፤ ቀልደኛና ልበ ሰፊ። ትልቁ ችግር ምግብ ሆነ። የምግብ ቤቱ ሥጋ ለእነ ሳሌሃ አይሆንም። ኢትዮጵያ ረቡዕና ዓርብ ከጾመኞቹ ጋር ስትሰለፍ፣ ሳሌሃ ግን ሳምንቱን ሙሉ፣ ፋሲካም ይሁን ገና፣ ሽሮና ምስር ትቀበላለች። ወጥ የምታወጣው ሴትዮ ለወራት አይታት አንድ ቀን አላስቻላትም።

“የኔ ልጅ፣ የንስሐ አባትሽ ምን ኃጢአት ቢያገኙብሽ ነው እንዲህ የሚያስጾሙሽ?”

ኢትዮጵያ ትሪዋን ይዛ በሳቅ ፈነዳች። ሳሌሃ ነገሩን ስታስረዳት ሴትዮዋ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቁላል ባለ ቁጥር ለሦስቱም ታስቀርላቸዋለች። በረመዳን ደግሞ ኢትዮጵያ የሳሌሃን እራት ቀድማ ተቀብላ በሳህን ከድና ታቆይላታለች፤ ፀሐይ ስትጠልቅ አብረው ይበላሉ።

በ1962 ታኅሣሥ ግቢው ታምሶ ትምህርት ሲቋረጥ ሳሌሃ ቡታጅራ ሄዳ ሰነበተች፤ ሲከፈት ተመለሰች። በሦስተኛው ዓመቷ ላይ እስላም ሴቶቹ ዘጠኝ ደረሱ። ከወሎ፣ ከአርሲ፣ ከባሌ የመጡ ነበሩ። አዲስ የመጣችውን ልጅ ነባሮቹ ተቀብለው የትኛው ወጥ እንደሚበላ፣ የትኛው የቤተ መጻሕፍት ጥግ ለሰላት ጸጥ እንደሚል ያሳዩአታል። ሳሌሃን ማን አሳያት ብሎ የጠየቀ የለም።

ተማሪ አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወጥቶ እንዲያገለግል በወቅቱ ግዴታ ነበር። በ1964 የሳሌሃ ዕጣ ወልቂጤ ሆነ። ከቡታጅራ ወልቂጤ በቀጥታ የሚሄድ መኪና ስላልነበረ፣ ወላጆቿን ለመጠየቅ እንኳ አዲስ አበባ ገብታ እንደገና መውጣት ነበረባት። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል አማርኛ አስተማረች።

በመጀመሪያው ሳምንት ስም ስትጠራ “አዳነች” ስትል አንዲት ልጅ “አቤት” አለች። ራሷን በሻሽ የሸፈነች ናት። ከክፍል ሲወጡ ሳሌሃ ጠራቻት።

“ቤት ውስጥ ማን ይሉሻል?”

ልጅቷ ወደ መሬት አየች። “ሰፍያ።”

“መዝገቡ እንዲስተካከል ትፈልጊያለሽ? ፈተናው ሳይደርስ አሁን ቀላል ነው። ማመልከቻውን እኔ እጽፍልሻለሁ።”

 “አይ፣ ይቅር መምህርት። አባቴ ነው አስቦ ያስጻፈው። ለነርስነት ስወዳደር ይጠቅመኛል ብሎኛል። እኔም ለምጄዋለሁ።”

ሳሌሃ የራሷን ታሪክ ልትነግራት አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ተወችው። “እንደ ወደድሽ” አለቻት። ዓመቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ አዳነች፣ ከክፍል ውጪ ሰፍያ እያለች ጠራቻት። ልጅቷ በዚያው ስም ስምንተኛን አልፋ፣ በኋላም ነርስ ሆና አታት ሆስፒታል ተቀጠረች። ሳሌሃ ስለ እሷ ሲነሳ “ልክ ናት ወይስ ልክ አይደለችም?” ብለው ሲጠይቋት “ጥሩ ነርስ ናት” ብቻ ትላለች።

ሳሌሃ የተመረቀችው በ1965 ነው። ሰይዶ ከቡታጅራ ለምርቃቷ መጥቶ በጥቁር ካባ ውስጥ ሲያያት መጀመሪያ ሌላ ሰው መስላው ነበር። አጎቷ ሀቢቡም በአዲስ ኮት መጣ። ስሟ በድምፅ ማጉያ ሲጠራ ሀቢቡ ብድግ አለና አጠገቡ ለተቀመጡት የማያውቃቸው ሰዎች “የወንድሜ ልጅ ናት፤ ሀቢቡ እባላለሁ” ብሎ ራሱን አስተዋወቀ።

ከምርቃቱ በኋላ አዲስ አበባ እንድትቀር የመከሯት ነበሩ። እሷ ግን ቡታጅራ ጠየቀችና ተመደበች። በዚያው ክረምት አሚኑ የተባለ የአላባ ተወላጅ፣ የጤና ጣቢያ ድሬሰር አገባች። ከመስጊዱ ጀርባ ሁለት ክፍል ቤት ተከራዩ።

በ1966 መስከረም ትምህርት ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው አንድ የበርበሬ ነጋዴ ቤቷ መጣ። ሴት ልጁ ሽፋ መልቀቂያ ፈተናውን አልፋ ዩኒቨርሲቲ ተጠርታለች፤ እሷን ወደ መኝታ ቤት ወስዶ ለማስረከብ ግን ፈራ።

“እኔ እዚያ ግቢ ገብቼ ማንን እጠይቃለሁ? አንቺ ካልወሰድሻት አትሄድም” አላት።

ሳሌሃ ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷን ይዛ አውቶቡስ ተሳፈረች። ሌላም ልጅ፣ ከስልጤ የመጣች፣ የምታውቀው ሰው ሳይኖራት አብራቸው ተቀመጠች፤ እሷም ወደዚያው ግቢ ነበር የምትሄደው። መንገዱ ኮረኮንች ስለሆነ ሽፋ ታመመችና ሦስት ጊዜ አስቆሙ። ከሰዓት በኋላ ስድስት ኪሎ ደረሱ። ሳሌሃ ሁለቱንም አስመዘገበች፤ አልጋቸውን አየች፤ ወደ ምግብ ቤቱ ይዛቸው ገብታ ከወጥ ቤቶቹ ጋር አስተዋወቀቻቸው። ሽፋ ስትለያት አለቀሰች። “ሰኞ ትለምጂዋለሽ” አለቻት ሳሌሃ።

እሁድ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ ቡታጅራ ተመለሰች። ሰኞ ጠዋት ሰባተኛ “ለ” ክፍል እሷን ይጠብቃል፤ ተማሪው ስልሳ ሁለት ነው፤ ከእነሱ አሥራ ዘጠኙ ሴቶች ናቸው።